በጨርቁ ላይ ያልተሣለው ደም ሥር

ድሬሰር ወልደ ሐዋርያት ልጁ በሞተ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ምን ያድርግ? ቤቱ ቢውል ሐዘን ተቀመጠ ይሉታል፣ ሐዘን ደግሞ ተከልክሏል። የቀበሌው ሰው ደጃፉ ድረስ መጥቶ፣ ድንኳን አይተከልም፣ ነጠላ አይዘቀዘቅም፣ ድምፅ አይሰማም ብሎ በጣቶቹ እየቆጠረ ነግሮት ሄዷል። ወልደ ሐዋርያትም እሺ ጓድ አለ። እሺ ማለቱስ ይሁን፤ ሰውዬውን እስከ አጥሩ መዝጊያ ሸኝቶ፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል ይጠንቀቁ ብሎ መክሮታል። ይህን ማለቱ ትዝ ያለው በማግስቱ ነው። ትዝ ሲለውም ምንም አልተሰማው።

ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ቢነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስለዋል። ወልደ ሐዋርያት ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ኅዳር 1970 ዓ.ም. ነው፤ የእንጦጦ ብርድ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት ወር። ካፖርቱን ምስማሩ ላይ እንደ ተሰቀለ ትቶ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ካለው ቤቱ ወጥቶ፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ፣ ሲግናል ያለው ክሊኒክ እስኪደርስ ድረስ መበረዱን አላወቀም። መንገድ ላይ ካገኙት ውስጥ ጥቂቶቹ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉት፤ የቀሩት እንዳላየ ሆነው አለፉ። በማንም ለመቀየም ጉልበቱ አልነበረውም።

ልጁ ፀሐዬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሲጠብቅ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ወረቀት ተገኘብህ ብለው ወሰዱት። በዐሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ርምጃ ተወስዶበታል የሚል ቃል መጣ። አለቀ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። የት አደረጋችሁት ብሎ የጠየቀ ደግሞ ራሱ የት እንደሚደረግ አይታወቅም።

እናቱ ለተጊዮርጊስ አላለቀሰችም። የያዛት ሌላ ነገር ነው። ምንጭ የሚወርዱ ሴቶች፣ የዚያን ቀን ጠዋት ሬሳ የጫነው መኪና ሲያልፍ ከሸራው ሥር የሚያቃስት ሰው ነበር ብለው አወሩ። ወሬ ነው፤ ማን ሰማ ቢባል እገሌ ነግራኝ ነው የሚባልለት ዓይነት። እሷ ጆሮ ግን ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ማን ጠቆመው አትል፣ ማን መታው አትል። ማታ ማታ ባሏ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀዋለች።

«ሲጭኑት ነፍሱ ወጥታ ነበር?»

ከየት ልወቅልሽ ይላታል። ጠይቅልኝ ትለዋለች። ሦስት ማታ እንዲህ አለፈ።

ሥራ በገባበት ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነበረው። ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ተመርጦ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሲማር አስተማሪው እሱ ነው፤ ክፍሉም የክሊኒኩ አሮጌ ዕቃ ቤት። የታተመ ሥዕል የሚባል ነገር ስለሌለ መማሪያው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰፊ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲው ላይ አንድ ሰው እጆቹን ከጎኑ ፈንጠር አድርጎ ቆሟል፤ ቆዳ የለውም፣ ፊት የለውም፣ ያለው ደም ሥር ብቻ ነው። ከልብ የሚወጣው ደም ቅዳ በቀይ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መልስ በሰማያዊ።

ዘንጉን አነሣና እንደ ወትሮው ጀመረ። አፉ ራሱን ችሎ ያስተምር ነበር። ትልቁ ደም ቅዳ ከልብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ግራ ይቆለመማል፣ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ ቁልቁል ይወርድና እንብርት ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ እግር እግሩን ይይዛል። ከመቆልመሚያው የተገነጠሉት ደግሞ ወደ አንገትና ወደ ክንድ ይሄዳሉ። የክንዱ በብብት ሥር አልፎ፣ የክርን መታጠፊያ ላይ ደርሶ፣ ከዚያ በታች ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በትንሿ ጣት በኩል፣ አንዱ በአውራ ጣት በኩል። እየቀጠኑ፣ እየቀጠኑ ሄደው ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ ቀዩ እዚያ ያበቃና ሰማያዊው ይጀምራል። ሳንባ ላይ ሲደርስ ግን ቀለሙ ይገለበጣልና እሱን ለይታችሁ ያዙ አላቸው። ሃያ ሁለቱም ሠልጣኞች ጻፉ።

ትርታ ጋ ሲደርስ መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ በየሳምንቱ የሚላት ናት። ሰው ወድቆ ስታገኙ ትንፋሹ ያታልላችኋል፣ ብርድ ይደብቀዋል፣ ድንጋጤ ይደብቀዋል። የእጁን አንጓ ያዙ፤ በአውራ ጣት በኩል፣ ከአጥንቱ አጠገብ፣ በሦስት ጣት፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ትርታ አይዋሽም።

«ትርታ አይዋሽም» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

በአንገትም እንደሚያዝ ያውቃል። እንዲያውም በእጅ የጠፋ ትርታ በአንገት ሊገኝ እንደሚችል ያውቃል። ግን መጀመሪያ ያስተማራቸው ልጆች የወደቀ ሰው አንገት ሲይዙ ሰው አይቶ፣ አነቁት ብሎ ተጯጩኾ ዱላ ሊነሣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንገትን ከትምህርቱ አወጣው።

አቡጀዲውን የሠራው ራሱ ነው፣ ከሰባት ዓመት በፊት። የጨርቁ ሰው ቁመቱ አጠር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፀሐዬ ነው። ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባቱ ጨርቁን እቤት ወለሉ ላይ ዘርግቶ ልጁን በጀርባው አስተኛውና ዙሪያውን በከሰል ነደፈው። ብብቱ ጋ ሲደርስ ልጁ ኮረኮርከኝ ብሎ በሳቅ ስለተንፈራፈረ የግራ ብብቱ መሥመር ዛሬም ጠማማ ነው። ሠልጣኞች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ጨርቁንም የመምህሩ ልጅ እያሉ ይጠሩታል።

ጨርቁ በተነደፈበት ቀን አንድ ነገር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ ከዚያም በፊት የቆየ ነው። ለተጊዮርጊስ በተጋቡ በዓመቱ ተስቦ ይዟት አልጋ ላይ ስትወድቅ፣ አዲስ ድሬሰር የነበረው ባሏ አንጓዋን ይይዛል፤ ምንም የለም። ሌላውን ይይዛል፤ እሱም የለም። ወይኔ ሞተችብኝ ብሎ ሲጮኽ እሷ ዐይኗን ገልጣ ምን ሆነሃል አለችው። በኋላ ደም ሥሯን ፈልጎ ፈልጎ አገኘው። አንጓው ላይ ሳይደርስ ወደ እጇ ጀርባ ታጥፎ፣ በአውራ ጣቷ ሥር ከቆዳ በታች ሽቅብ ይሄዳል። ፀሐዬም ሲወለድ እንደ እናቱ ሆነ። አንድ ሐኪም ሲጠየቅ፣ ከብዙ ሰው በአንዱ የሚገኝ አፈጣጠር ነው፣ ጤና አይነሣም ብሎ ነገሩን ተወው።

ጨርቁ ላይ እንደ ተኛ፣ አባቱ ቀዩን ቀለም ይዞ አንጓው ጋ ሲደርስ፣ ፀሐዬ እጁን ገለበጠለት።

«የእኔን እንዳለ ሣለው» አለ።

አይሆንም አለው ወልደ ሐዋርያት። ትክክለኛው የመጽሐፉ ነው፤ ሠልጣኝ እዚህም ሊሆን ይችላል እዚያም ሊሆን ይችላል ከተባለ ይደናገርና አንዱንም አይዝም። ለተጊዮርጊስ በር ላይ ቆማ፣ የልጄን ደም ሥር ቦታውን ቀየርክበት ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። የመጽሐፉን ሣለ።

ትምህርቱ አልቆ ሠልጣኞቹ ሲወጡ ፈዬራ ቀረ። ፈዬራ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከሁሉም ጎበዙ፤ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ። ያን ቀን የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ፀሐዬን ያሰሩት እነ ፈዬራ ቀበሌ ነው። ፈዬራ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ቆመ። ወልደ ሐዋርያት ዘንጉን ጥግ አስደግፎ ጠበቀው።

ፈዬራ ወለሉን እያየ ተናገረ። ቅዳሜ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤቱ ጠሩት። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ስድስት ሰዎች በተርታ ተኝተዋል፤ ምርመራ ላይ ያደሩ ናቸው። ሁለት መኪና ቆሟል። ጥበቃዎቹ፣ ነፍስ ያለውንና የሌለውን ለይልን አሉት። ነፍስ ያለው ምርመራው ስላላለቀ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ከሞተ ሰው የሚገኝ ቃል የለማ። የሌለው በሌላው መኪና ይጫናል። ፈዬራ ከዳር ጀመረ። ሁለቱ ላይ ትርታ አገኘና ሐኪም ቤት ሄዱ፤ አንዱ አሁን እህል ይበላል ይባላል። አራተኛው ፀሐዬ ነበር።

«ቶሎ በል ይሉኝ ነበር» አለ ፈዬራ። «የእርስዎ ልጅ መሆኑን ሳይ ግን አልቸኮልኩም፣ ጋሼ። ሁለቱንም እጁን ያዝኩ። በሦስት ጣት፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ደግሞ አንድ ደቂቃ። አልነበረም። እትዬ ለተጊዮርጊስ ያን የመኪናውን ወሬ ሰምተው እንደሆነ ብዬ ነው። ሲጫን ነፍስ አልነበረውም። እንዳስተማሩኝ አድርጌ ነው ያየሁት።»

ይህን ለአራት ቀን ተሸክሞት ኖሮ ሲያወርደው ፊቱ ቀለለ። አባትየውን ያሳርፍልኛል ብሎ ያመጣው ነገር ነበር፣ ጌታ ይመስክር።

«አንጓውን ብቻ ነው የያዝከው?» አለው ወልደ ሐዋርያት።

«አንጓውን። እርስዎ እንዳሉን።»

ወልደ ሐዋርያት ጨርቁን አየ። ከዚያ ፈዬራን አየ። ልጁ ዐይን ዐይኑን እያየ ይጠብቃል።

«ደግ አድርገሃል» አለው።

ፈዬራ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዞ አቃናው። ሊወጣ ሲል ልጁ ዞር ብሎ፣ ሥራው የእኔ ሆኗል፣ ትናንትም ጠርተውኝ ነበር፣ የፊታችን ቅዳሜም ተዘጋጅ ብለውኛል አለ። ከዚያ ሄደ።

ብቻውን ሲቀር ወልደ ሐዋርያት የጨርቁን አንጓ በአውራ ጣቱ ነካው። ቀለሙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንደ ድሬሰር አሰበ፤ እንደ አባት ማሰብ አልመጣለትም። ሲደበደብ ያደረና በኅዳር ብርድ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ደሙ መጀመሪያ የሚሸሸው ከእጅና ከእግር ነው። ስለዚህ ፀሐዬ እውነትም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሳይሞትም ሊሆን ይችላል። የተያዘው ቦታ ላይ ፀሐዬ ጤነኛ ሆኖ ሲሮጥ እንኳ ደም ሥር አልነበረውም። ፈዬራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የቆጠረው ባዶ ቦታ ነው። መኪናውም ሁለት ነበር። ይህን ሁሉ አሰበና ዕቃ ቤቱን ቆልፎ ወጣ።

ዳገቱን ሲወጣ የሚላትን አዘጋጀ። ፈዬራ አንገቱን ይዞ አየው ይላታል። አንገት አይዋሽም፤ የፀሐዬ አንገት እንደ ሰው ሁሉ አንገት ነው። ትሰማለች፣ ታርፋለች፣ ጥያቄው ያበቃል። ለፈዬራ ደግሞ ምንም አይነግረውም። ልጁ ቀጥ ብሎ የቆመው እንዳስተማሩኝ አደረግሁ ብሎ ነው፤ ይህን ከሥሩ ቢነጥቁት ምን ይሆናል? ደግሞስ የሚነጥቀው ማን ሆኖ ነው? ያላስተማረው ራሱ አይደለም? ቅዳሜ ትዝ አለው። ቅዳሜም ግቢው ውስጥ ሰዎች ይተኛሉ፣ ፈዬራም አንጓቸውን ይይዛል፣ መኪናውም ሁለት ይሆናል። ቅዳሜን ከሐሳቡ ሊያወጣ እየሞከረ ቤት ደረሰ።

ለተጊዮርጊስ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ ሳትጠይቀው ቀደማት።

«ፈዬራ አይቶታል። ሲጭኑት ነፍሱ አልነበረችም» አላት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «በምን አወቀ?»

«ትርታውን ይዞ።»

«የቱ ጋ?»

አንገቱን የምትለው ቃል አፉ ላይ ነበረች። እጁ ግን ቀደመው። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ተነሥተው በግራ አንጓው ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ከአጥንቱ አጠገብ ዐረፉ፤ ለስንት ዓመት ለሠልጣኝ ሲያሳይ የኖረው ቦታ ላይ። ለተጊዮርጊስ ጣቶቹን አየች። ጣቶቹን ሊያነሣ ፈልጎ አላነሣም።

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። ውጭ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል፤ ወልደ ሐዋርያት ምቱን ሲቆጥር ራሱን አገኘው፣ ዐሥራ አራት ደርሷል።

«ልጁ ያውቃል?» አለችው በመጨረሻ።

አያውቅም አላት። ደግ አድርገሃል ብዬዋለሁ አላት።

«እንደገና ይጠሩታል?»

ይጠሩታል፣ ቅዳሜ አላት። ከዚያ ያሰበውን ሁሉ ነገራት፤ ልጁ እንደሚሰበር፣ አንገትንም ራሱ ከትምህርቱ እንዳወጣው፣ ማን ያውቃል፣ ፀሐዬ ያኔ ሞቶም ሊሆን እንደሚችል። ድምፁ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፁ ነበር። «ከነገርኩት» አላት በዚያው ድምፅ፣ «ልጄን መኪና ላይ የጫንኩት እኔ መሆኔ ነው።»

«እኔም በር ላይ ቆሜ ስቄያለሁ» አለች ለተጊዮርጊስ። «አሁን ግን ቅዳሜ የሚተኙትም እናት አላቸው። ነገ ይዘኸው ና።»

ምን ልትዪው ነው አላት። ምንም አልለውም አለችው። ሰፌዷን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ወልደ ሐዋርያት ክሊኒኩ በምሳ ሰዓት ሲዘጋ ፈዬራን አስጠርቶ፣ ባለቤቴ ልታይህ ትፈልጋለች አለው። ልጁ ደስ አለው፤ እግዜር ያጽናዎት ለማለት እንኳ የሚያስፈራበት ጊዜ ስለነበር፣ ሐዘን ቤት መጠራቱን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠረው። ዳገቱን ሲወጡ ስለ ትምህርቱ ይጠይቀዋል። ደም መልስ ለምን አይመታም፣ ቀጫጭኖቹ ሲበጠሱ ለምን በራሳቸው ይቆማሉ። ወልደ ሐዋርያት አንድ በአንድ መለሰለት። የማገዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲያልፉ መንገድ ለቀቁላቸው። ኪዳነ ምሕረት ፊት ለፊት ሲደርሱ ወልደ ሐዋርያት ቆሞ ተሳለመ። ለማን እንደሚለምን፣ ምን እንደሚለምን ግን አላወቀም፤ ዝም ብሎ ተሳልሞ አለፈ።

ለተጊዮርጊስ ፈዬራን ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው። አጠገቧ ዱካ ላይ አስቀመጠችው። እናትህ ደህና ናት ወይ አለችው፣ ደህና ናት አላት። ወንድሞች እንዳሉት ጠየቀችው፣ ሁለት አሉኝ አላት። ወልደ ሐዋርያት መቃኑን ተደግፎ ቆመ። ያኔ ቀኝ እጇን ለልጁ ዘረጋችለት።

«ትርታዬን ያዝልኝ።»

ፈዬራ አመማት ብሎ ነው ያሰበው። ሦስት ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳረፈ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ከአጥንቱ አጠገብ። ጥቂት ቆየ። ጣቶቹን ፈቀቅ አደረገ። ጫን አለ፣ ላላ አደረገ። ግንባሩን ቋጠረ። እትዬ ያቺን እጅዎን አላትና ግራዋን ሰጠችው። ግራዋንም ያዘ፣ ፈለገ። ወልደ ሐዋርያት ሰዓቱን አላየም፣ ደቂቃው ግን ሙሉ እንደሆነ ያውቃል።

«አለሁ?» አለችው።

ፈዬራ ጣቶቹን ደግሞ ፈቀቅ አደረገ።

«አለሁ ወይስ የለሁም? ንገረኝ እንጂ።»

ልጁ አፉን ከፍቶ አየት አደረጋት። ለተጊዮርጊስ ጣቶቹን በሌላው እጇ ያዘችና ወደ እጇ ጀርባ ወሰደቻቸው፣ በአውራ ጣቷ ሥር አስቀመጠቻቸው። እዚያ ነበር። ደህና አድርጎ ይመታል።

«የእኔ እዚህ ነው» አለች። «ፀሐዬ የእኔን ነው የወረሰው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ቀና ብሎ መምህሩን አየ፤ መምህሩ ዐይኑን አላሸሸም። ከዚያ ገባው። ሲገባው ከአንገቱ ጀምሮ ፊቱ ሁሉ አመድ ሆነ፣ ከደረቱም አንድ ድምፅ ሊወጣ ሲል ለተጊዮርጊስ በመዳፏ አፉን ከደነችው።

«እዚህ ቤት ማልቀስ ክልክል ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ጎረቤት ይሰማል።»

ልጁ አፉን ዘግቶ አለቀሰ። ትከሻው ይዘላል፣ እንባው በጣቶቿ መካከል ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም። እሷ አላለቀሰችም። ሲበርድለት እጇን ከአፉ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

«አልፈርድብህም፣ ልጄ። የተማርከውን ነው ያደረግኸው። ሞቶም ይሆናል፤ አንተም አታውቅ፣ እኔም እስክሞት አላውቅ። ቅዳሜ ሲጠሩህ ግን እዚህም ፈልግ፣ እዚያም ፈልግ፣ አንገትም ያዝ። ደረት ላይ ጆሮህን ለጥፍ። ቶሎ በል ቢሉህ አልሰማሁም በል።»

«እኔ ነኝ ያላስተማርኩህ» አለ ወልደ ሐዋርያት ከመቃኑ ላይ። «የሚያውቅ ሰው ነበርኩ።»

ፈዬራ እጇን አልለቀቀም፤ ጣቶቹ እንደ ተቀመጡበት በአውራ ጣቷ ሥር ናቸው። ወልደ ሐዋርያት አፉ የለመደውን ጠየቀ።

«ስንት አገኘህ?»

ፈዬራ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ከአንድ ጀመረ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረ። ለተጊዮርጊስ እጇን ዘርግታ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ዐይኗ የልጁ ጣቶች ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ።

«ሰባ ስምንት» አለ ፈዬራ።

ያን ጊዜ ወልደ ሐዋርያት በረደው። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ በረደው። ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰ። ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ስቦ ቀዩን ቀለምና ቀጭኑን ብሩሽ አወጣ። ለተጊዮርጊስ ቀለሙን አየችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ፈዬራን ተነሥ አለው፤ ጨርቁን የምትይዝልኝ አንተ ነህ፣ ከመምሸቱ በፊት እንውረድ።